ፓሳዴና ላይ የተፈተነው ጨው፦ የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ሥራና የኛ ሒሳብ



እዚህ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ጎራ ስትሉ ግድግዳውን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ጃንሆይ በሙሉ ማዕረጋቸው ቆመዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እጁን አንስቶ ይስቃል። ላሊበላ አለ፤ ጢስ ዓባይ አለ። የከተማዋ ምክር ቤት ይህችን አጭር የጎዳና ክፍል በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሲለወጥ ግድግዳው እምብዛም አልተለወጠም። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ግድግዳውን አልነቅፍም። ሯጭና ንጉሥ የሌለበት ቤት ያበሻ ምግብ ቤት አይመስልም። ነገር ግን ከዚያው ጎዳና መኪናችሁን አስነስታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትነዱ፣ መንገዱ ከቀናችሁ በአርባ ደቂቃ፣ ካልቀናችሁ ደግሞ የሎስ አንጀለስ መንገድ ነውና እግዚአብሔር ባወቀ፣ ፓሳዴና ትደርሳላችሁ። እዚያ ካልቴክ የሚባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። በዚህ ተቋም ከ1996 እስከ 2015 ድረስ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያህል፣ አዲስ አበባ የተወለዱ አንዲት ሴት ፕሮፌሰር ቤተ ሙከራ ነበራቸው። ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጣው ሥራ ዛሬ ቻይናም፣ አውሮፓም፣ ጃፓንም የታዳሽ ኃይል ተመራማሪዎች የሚነሡበት መነሻ ሆኗል። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ይባላሉ። ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣን ስለ አገር ዕድገት ስንከራከር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ እሳቸው እዚሁ ጎረቤታችን ነበሩ።

አንዳንዶቻችሁ «አንተ የፖለቲካ ሳይንስ ሰው፣ ስለ ኤሌክትሮድ ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። ታሪኩ የሚጀምረው ከፖለቲካ ነውና።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር ጽሑፍ አለ፤ «ፊውል ሴልን የፈለሰፈችው ኢትዮጵያዊት» ይላል። ሰው እየተቀባበለ «ኩራታችን» ይልበታል። ደስ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። ፊውል ሴል ማለት ሃይድሮጂንን ከኦክስጅን ጋር ሳያቃጥል አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። የዌልስ ተወላጁ ዊሊያም ግሮቭ የመጀመሪያውን የሠራው በ1839 ነው፤ ሶስና ከመወለዳቸው 127 ዓመት ቀደም ብሎ። አሜሪካኖች በ1965 ጄሚኒ 5 የተባለችውን መንኮራኩር ያመጠቁት ፊውል ሴል ጭነውባት ነው። ፕሮፌሰር ሶስና የሠሩት ሌላ ነገር ነው፤ ከተጋነነው ይልቅ እውነተኛው ይበልጣል። የሰውን ሥራ ሳናውቅ ስናወድስ፣ ውዳሴያችን ለራሳችን እንጂ ለሰውየው አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ፖለቲካው። የሶስና አባት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሸዋ ሸንኮራ የተወለዱ፣ ካይሮ የተማሩ፣ በ1962 ጀርመን አገር ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የተቀበሉ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የግእዝ ሊቅ ነበሩ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በተቋቋመው የምክር ጉባኤ አባል ሆነው ያመኑበትን በመናገራቸው ጥርስ ውስጥ ገቡ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በፈረንጅ 1975 መሆኑ ነው፣ ወታደሮች ቤታቸውን ከበው ተኮሱባቸው። ጥይቱ አከርካሪያቸውን መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 2021 በእግራቸው አልቆሙም።

ያን ጊዜ ሶስና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

ቤተሰቡ አገር ጥሎ ወጣ። አባትየው ለንደን ታከሙ፤ ከዚያም ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በምትባል፣ ክረምቷ በበረዶ በሚቀበር ትንሽ ቦታ ተቀመጡ። እዚያ የቤኔዲክታን መነኮሳት ገዳምና የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡ ዘጠኝ ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት ቅጂ የሚጠበቀው በዚያ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን መጻሕፍት እያነበቡ ዝርዝራቸውን በቅጽ በቅጽ አወጡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራ ነው። ልብ በሉ፤ አገራቸው ጥይት የሰጠቻቸው ሰው የአገራቸውን መጻሕፍት ከሚኒሶታ በረዶ መሐል ሆነው ያነቡላት ነበር። ልጃቸውም ያደጉት በዚያ ቤት ነው፤ ትዕግሥት ከየት እንደተማሩ መገመት አያቅትም።

በነገራችን ላይ፣ ፌርፋክስ ላይ ይህን ስናወራ አንድ አባት «ታዲያ ለምን ሶስና ጌታቸው አልተባለችም?» ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በኛ ወግ የልጅ ስም ላይ የሚከተለው የአባት ስም ነው። አሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ ስለዚህ የአያት ስም ልጅ ላይ ዐረፈ። ልጆቻችሁን እዚህ ትምህርት ቤት ያስመዘገባችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ስደት ከሰው የሚወስደው አንዱ ነገር የስም ሥርዓት ነው።

ሶስና በ1986 ከኤምአይቲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1988 ከበርክሌይ ማስተርስ፣ በ1992 ተመልሰው ከኤምአይቲ ዶክትሬት ያዙ። በመካከሉ ጀርመን ሽቱትጋርት በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሠሩ። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመታት አስተምረው በ1996 ወደ ፓሳዴና መጡ። ሙያቸውን አንዳንዱ ኬሚስት ይለዋል፤ ትክክለኛው ስሙ የቁሳቁስ ሳይንስ ነው። ነገሮች ከምን እንደተሠሩና ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ የሚመረምር፣ በኬሚስትሪና በፊዚክስ መካከል ያለ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ጨው ስል የዘይቤ ንግግር አይደለም፤ እውነተኛ ጨው ማለቴ ነው።

ፊውል ሴል ሦስት ነገር ነው። በአንድ ወገን ሃይድሮጂን የሚገባበት ገጽ፣ በሌላ ወገን አየር የሚገባበት ገጽ፣ በመካከላቸው ደግሞ ኤሌክትሮላይት የሚባል ግድግዳ። ሃይድሮጂኑ ሲከፈል ፕሮቶኑ በግድግዳው አልፎ ይሄዳል፤ ኤሌክትሮኑ ግን በግድግዳው ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። በሽቦ ሲዞር መብራት ያበራላችኋል፣ ሞተር ያዞርላችኋል። በወዲያኛው ገጽ ሁለቱ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ጢስ የለም። ሁሉ ነገር የሚወሰነው ግድግዳው ምን ዓይነት ነው በሚለው ላይ ነው።

በ1990ዎቹ ሁለት ዓይነት ግድግዳ ጎልቶ ይታወቅ ነበር። አንደኛው ፕላስቲክ ነው። ይህ እንደ ራሰ ስፖንጅ ነው፤ ውሃ ካልያዘ ፕሮቶን አያሳልፍም። ውሃ መያዝ ካለበት ደግሞ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሥራት አለበት። በዚያ ሙቀት ላይ የፕላቲነሙ ካታሊስት ንጹሕ ሃይድሮጂን ካላገኘ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይመረዛል። ሁለተኛው ሴራሚክ ነው። እሱ ደግሞ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በዚያ እሳት የሚጸና ብረት ውድ ነው፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። አንዱ እንደ ማጀት ማድጋ ርጥበት ይሻል፤ ሌላው እንደ አንጥረኛ ምድጃ እሳት። ከጠጣር ግድግዳዎች መካከል መካከለኛው ቦታ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ለዚህ ባዶ ቦታ የሚሆን ነገር በሌላ አገር ተገኝቶ ተቀምጦ ነበር። በ1982 ባራኖቭ የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ሲዚየም ሃይድሮጂን ሰልፌት የተባለ ጨው ሲያሞቁ አንድ ነገር አዩ። ጨውም ነው፣ አሲድም ነው፤ ግማሽ ግማሽ። 141 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ፕሮቶን የማሳለፍ ኃይሉ በድንገት በሺህዎች እጥፍ ይዘላል። በዚያን ዘመን የኛ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ይላኩ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ፤ ምሳሌዬን ካልወደዳችሁት ይቅርታ። ገበታ ከብበው ጉርሻ የሚቀባበሉ ሰዎችን አስቡ። ሁሉም ወንበሩ ላይ ተቸንክሮ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ከሆነ ጉርሻው ከሁለተኛው ሰው አያልፍም። ሁሉም እንደ ልቡ ዘወር ማለት ቢችል ግን ጉርሻው ገበታውን በአፍታ ይዞራል። በዚያ ጨው ውስጥ ያሉት የሰልፌት ቡድኖች ሲሞቁ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፤ በያሉበት ሆነው ይሽከረከራሉ፣ ፕሮቶኑን ከአንዱ ተቀብለው ዞር ብለው ለሌላው ያጎርሱታል። ውሃ አላስፈለገም። ስፖንጅ መሆን አላስፈለገም።

ይህ ከታወቀ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ማንም የሚሠራ ፊውል ሴል አላደረገውም። ለምን? ጨው ነዋ! ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ የሚያመርት መሣሪያ ነው። ከጨው የተሠራ የውሃ ቧንቧ ማን ይገዛል? ፕሮፌሰር ሶስናና ተማሪዎቻቸው መልሱን ያገኙት ቀላል ከሚመስል ሐሳብ ነው። ከ100 ዲግሪ በላይ ከሠራን የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ጨው አያሟሟም። በሚያዝያ 2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ይህን ጨው በ150 እና በ160 ዲግሪ መካከል አሠርተው 1.11 ቮልት እንዳገኙ አሳየ። ኃይሉ ትንሽ ነበር። ግን ግድግዳው ቆመ።

ከዚያ ችግር መጣ። ሰልፌት ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ከሃይድሮጂኑ ጋር ካታሊስቱ ባለበት ሲገናኝ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሆንና ያንኑ ካታሊስት ይመርዛል። ስለዚህ ድኙን ትተው ወደ ፎስፌት ሄዱ፤ ሲዚየም ዳይሃይድሮጂን ፎስፌት። ይህኛው ደግሞ ከ228 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ውሃውን እያጣ ይፈርሳል እየተባለ በተመራማሪዎች ዘንድ ይታማ ነበር። በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት መልስ በውስጡ ያለው አየር ጥቂት እንፋሎት ከተጨመረበት ጨው ውሃውን አያጣም የሚል ነው። በ2005 ደግሞ ግድግዳውን ወደ 25 ማይክሮን፣ ከአንድ ጠጉር ውፍረት ወደሚያንስ ስስ ሽፋን፣ አወረዱትና በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 415 ሚሊዋት አወጡ። የኛ ሰው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል፤ ይህኛው ጨው ጣፈጠ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ካለም ቺሾልም ሥራውን ይዞ እዚያው ፓሳዴና ሴፍሴል የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ኒውስዊክ መጽሔትም ለ2008 ዓይናችሁን ጣሉባቸው ካላቸው 12 ሰዎች መካከል ፕሮፌሰር ሶስናን አስገብቷቸዋል።

ይህ የግድግዳው ታሪክ ነው። ሁለተኛው ታሪክ የገጹ ነው፤ በዓለም ደረጃ በብዛት የተጠቀሰው ምናልባት እሱ ነው። አየር የሚገባበት ገጽ ላይ ኦክስጅን መከፈል አለበት። ኦክስጅን ደግሞ ግትር ነው፤ የፊውል ሴል ጉልበት አብዛኛውን የሚባክነው እዚያ ነው። ይህን ግትር ነገር በኤሌክትሪክ ኃይል አባብሎ የሚያፈጥነው ቁስ ኤሌክትሮካታሊስት ይባላል። በ2004 መስከረም ላይ ፕሮፌሰር ሶስና ዞንግፒንግ ሻኦ ከተባለ ወጣት ቻይናዊ ተመራማሪ ጋር ሆነው ኔቸር ላይ አንድ ቁስ አቀረቡ። ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ ኮባልትና ብረት የተቀላቀሉበት ኦክሳይድ ነው። ሻኦ ይህን ቁስ ቻይና ሳለ ኦክስጅንን ከአየር ለማጣራት ይሠራበት ነበር። ፓሳዴና ላይ ለፊውል ሴል ሲሞክሩት በ600 ዲግሪ በካሬ ሴንቲሜትር ከአንድ ዋት በላይ ሰጠ። የተለመደው ሴራሚክ 800 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልግ እንደነበር አስታውሱ። ሁለት መቶ ዲግሪ መውረድ ማለት ከውድ ቅይጥ ወደ ተራ ብረት መውረድ ማለት ነው።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። በ2011 ኤምአይቲ ውስጥ ሌላ ቡድን ያንኑ ቁስ ወስዶ በተገላቢጦሽ ሞከረው፤ ኤሌክትሪክ ከሃይድሮጂን ለማውጣት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ውሃን ከፍሎ ኦክስጅን ለማስወጣት። ውድ ከሆነው ከኢሪዲየም ኦክሳይድ ቢያንስ አሥር እጥፍ ሠርቶ ተገኘ። በኋላ ሲመረመር የቁሱ የላይኛው ቆዳ በሥራ ላይ ቅርጹን እንደሚያጣም ታወቀ። ቢሆንም አንድ ሙሉ የምርምር መስክ በሩ የተከፈተው በዚህ ነው፤ ከርካሽ ብረቶች ኦክሳይድ ውሃ የሚከፍል ካታሊስት መሥራት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ በ2004ቱ ጽሑፍ ላይ ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሻኦ እና ኃይሌ። ሁለቱም ከሩቅ የመጡ ናቸው። ሻኦ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ናንጂንግ ላይ ቤተ ሙከራ ተሰጠው፣ ተማሪ ተሰጠው፣ ገንዘብ ተሰጠው። ዛሬ በዚህ መስክ በዓለም ከሚጠቀሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ቻይና የዴሞክራሲ አገር ስለሆነች አይደለም፤ እኔ እንደዚያ አልልም። ግን የምትፈልገውን ታውቃለች። ኢትዮጵያ በዚያው በ2005 ምን ላይ እንደነበረች ለእናንተ መንገር የለብኝም፤ ምርጫ 97ን የማያስታውስ የለም። ምሁራን ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ ከውጭ ማን ይመለስ ነበር? አንዳንድ ወዳጆቼ «ዲያስፖራው አገሩን ረስቷል» ሲሉኝ ይህን ጽሑፍና እነዚህን ሁለት ስሞች አስባለሁ። ማን ማንን እንደረሳ በቅጡ ይጠየቅ።

የሎስ አንጀለስ ሰዎች ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫም ልናየው ይገባል። በሐምሌ 1943 ይህችን ከተማ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲሸፍናት፣ ጦርነት ነበርና፣ ጃፓኖች መርዝ ጋዝ ለቀቁብን ያሉ ነበሩ። መልሱን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው የካልቴኩ ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ነው፤ ሆላንዳዊ ስደተኛ፣ የአናናስ ጣዕም ከምን እንደሚመጣ ያጠና የነበረ ሰው። መርዙ ከራሳችን መኪና የሚወጣው ጢስ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። የነዳጅና የመኪና ኩባንያዎች አልወደዱለትም። በመጨረሻ ግን በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1975 ሞዴል መኪኖች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር መገጠም ጀመረ። አዎ፣ ያው ሌሊት ሌሊት ሌቦች ከመኪናችን ሆድ ሥር በመጋዝ ቆርጠው የሚወስዱብን ነገር። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወገኖቼ ይህን ሳነብ ፊታችሁ ሲጠቁር ይታየኛል።

ሌባው የሚፈልገው ውስጡ ያለውን ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው። ከነዚህ ጋር ግን ሌባው የማይፈልገው፣ ሴሪየም ኦክሳይድ ወይም ሴሪያ የሚባል ቁስ አለ። ሴሪያ ኦክስጅንን እንደ ሁኔታው ይሰጣል፣ ይቀበላል። ፕሮፌሰር ሶስናና ተማሪያቸው ዊሊያም ቹዌ ይህን ጠባዩን ይዘው ወደ ፀሐይ ሄዱ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በመስተዋት በተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ሴሪያውን ወደ 1,500 ዲግሪና ከዚያ በላይ አሞቁት፤ ከውስጡ ጥቂት ኦክስጅን ይወጣል። ከዚያ ቀዝቀዝ አድርጉትና እንፋሎት ስጡት። ያጣውን ኦክስጅን ከውሃው ነጥቆ ይወስዳል፤ የተረፈላችሁ ሃይድሮጂን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰጣችሁት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተርፋል፤ ሁለቱ ተዋሕደው ፈሳሽ ነዳጅ ይሠራባቸዋል። ስዊዘርላንድ ካለው ከአልዶ ስታይንፌልድ ቡድን ጋር ሆነው ይህን 500 ጊዜ ደጋግመው አሳዩ፤ በታኅሣሥ 2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ጉልበት ከአንድ በመቶ በታች ነበር። ይህን ቁጥር የምነግራችሁ ሆን ብዬ ነው፤ በቤተ ሙከራ የተገኘ ነገርና ነዳጅ ማደያ የደረሰ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ሴሪየም ግን በመሬት ውስጥ የመዳብን ያህል የሚገኝ ነው፤ ፀሐይም የማንም የግል ይዞታ አይደለችም።

ፕሮፌሰር ሶስና በ2015 ቺካጎ አጠገብ ወዳለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። እዚያም በ2020 ከቀድሞ ተማሪያቸው ኩባንያ ጋር ያሳዩት ሥራ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ሃይድሮጂን መጓጓዝ አይወድም። ቀላል ነው፣ ያመልጣል፣ ለማፍሰስ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ይፈልጋል። አሞኒያ ግን በቀላሉ ይፈስሳል፤ ዓለም ለብዙ ዓመታት በመርከብ ሲያጓጉዘው ኖሯል። አሞኒያ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ፤ ችግሩ መልሶ ማውጣቱ ነው፤ በተለመደው መንገድ ከ500 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን ያንኑ የፎስፌት ጨው ግድግዳ አድርጎ፣ ከፊቱ ሩቴኒየም የተባለ ካታሊስት አስቀምጦ፣ በ250 ዲግሪ አሞኒያውን በተነው። ፕሮቶኑ ብቻ በግድግዳው አለፈ፤ በወዲያ በኩል የወጣው ንጹሕ ሃይድሮጂን ነው። በ2001 ማሟሟቱ የሚያሠጋው ጨው ከሃያ ዓመት በኋላ ወንፊት ሆነ።

ለኛ ለምን ይቀርባል? አሞኒያ የዩሪያ እናት ነች፤ ዩሪያ ደግሞ የገበሬያችን የየዓመቱ ጭንቀት ነው። ኢሉባቦር ያዩ ላይ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ቢሊዮኖች በልቶ ሳያልቅ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ባለፈው 2025 ደግሞ ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርመናል፤ እሱ በኦጋዴን ጋዝ የሚሠራ ነው። እዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ውሃ አለን፤ ውሃን የሚከፍል ኤሌክትሪክ አለን፤ ከውሃ የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ሲዋሐድ አሞኒያ ነው። ጀርመኖች ይህን ውሕደት በፋብሪካ ደረጃ ከጀመሩት ከ1913 ወዲህ ምሥጢር አይደለም። ነገ ይደረግ አልልም፤ ዋጋውን ገና ዓለምም እየተከራከረበት ነው፤ ሩቴኒየምና ፕላቲነምም ውድ ናቸው። ግን በዚህ ክርክር ላይ በራሳቸው ቁጥር የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ያስፈልጉናል፤ አለዚያ የሚሸጥልንን ዋጋ ተቀባዮች እንሆናለን።

እነዚህ ኬሚስቶች ከየት ይመጣሉ ለሚለኝ ሰው አንድ ነገር ልንገረውና ላብቃ። በታኅሣሥ 2012 ፕሮፌሰር ሶስና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሳይመን ቢሊንጅ ጋር ሆነው የአሜሪካና የአፍሪካ የጋራ የቁሳቁስ ተቋም ያሉትን ትምህርት ቤት አስጀመሩ። የአሜሪካና የምሥራቅ አፍሪካ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ካታሊስት ተማሩ። በ2016 አሩሻ ላይ ተደገመ። የመጀመሪያው የተካሄደው ግን ናይሮቢ አይደለም፣ ካምፓላም አይደለም። አዲስ አበባ ነው፤ ሶስና በዘጠኝ ዓመታቸው አባታቸው በጥይት የተመቱባት ከተማ።